ያገለገለ አይማክ ፕሮ ወይስ ራስዎ የሚገጥሙት ኮምፒውተር?

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ውስጥ የሰርግና የማስታወቂያ ቪዲዮ እሠራለሁ። በሁለት ሶኒ ኤ7 4 ካሜራ፣ በ4ኬ፣ በ50 ፍሬም፣ በ10 ቢት 4:2:2 እቀርጻለሁ። የምቆርጠው በፕሪሚየር፣ ቀለሙን የማስተካክለው በዳቪንቺ ሪዞልቭ ነው። ሜሪላንድ ያለችው እህቴ የ2017 አይማክ ፕሮ፣ 8 ኮር፣ 32 ጊጋባይት ራም፣ 1 ቴራባይት ዲስክ ያለው፣ በ900 ዶላር አግኝታልኛለች። ጓደኛዬ ደግሞ «እሱን ተወው፣ በ2,000 ዶላር ራስህ ግጠም» ይለኛል። የቱ ያዋጣኛል?

ምላሽ፦ በያዙት ካሜራና በሚሠሩት ሥራ አይማኩ ይቅርብዎ፣ ይግጠሙ። ምክንያቱ ግን ብዙ ጊዜ የሚነገረው «አፕል ውድ ነው» የሚለው አይደለም። ይህ ማሽን ሲወጣ እንዲያውም ዋጋው ተመጣጣኝ ነበር። ውሳኔውን የሚሰጠው ካሜራዎ የሚጽፈው የፋይል ዓይነት ነው፤ ከእሱ ቀጥሎ ደግሞ አንድ ክፍል ሲበላሽ ስንቱ አብሮት ይሄዳል የሚለው። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

አይማክ ፕሮ ለሽያጭ የቀረበው በዲሴምበር 2017 ሲሆን መነሻ ዋጋው 4,999 ዶላር ነበር። ለዚያ ገንዘብ 8 ኮር ዜኦን ደብሊው ፕሮሰሰር፣ 32 ጊጋባይት ስህተት የሚያርም ኢሲሲ ራም፣ 8 ጊጋባይት ሜሞሪ ያለው ራዲዮን ፕሮ ቪጋ 56 ካርድ፣ 10 ጊጋቢት የኔትወርክ መስመር፣ አራት ተንደርቦልት 3 ማስገቢያና 5,120 በ2,880 ፒክስል የሆነ 27 ኢንች ስክሪን ይሰጥ ነበር። በጊዜው ይህንኑ ለየብቻ ገዝቶ የሚገጥም ሰው ይህን ያህል የሚያተርፈው ነገር አልነበረም፤ ኤልጂ ይሸጠው የነበረው 5ኬ ስክሪን ብቻውን 1,300 ዶላር ገደማ ነበር። ስለዚህ እህትዎ ያገኙልዎ ተራ ዕቃ አይደለም። ችግሩ ከዚያ ሁሉ ዛሬም በክብሩ ያለው ስክሪኑ ብቻ መሆኑ ነው። የቀረው አርጅቷል፤ ለእርስዎ ፋይል ደግሞ ከመጀመሪያውም አልተዘጋጀም።

እዚህ ላይ በደንብ እንቆይበት፣ ምክንያቱም አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ሶኒ በሜኑው ኤክስኤቪሲ ኤችኤስ ብሎ የጻፈውን ሲመርጡ ካሜራዎ በ4ኬ 50 ፍሬም 10 ቢት 4:2:2 የሚቀርጸውን ምስል የሚጨምቀው በኤች.265 ነው፤ 4:2:2 ማለት ከ4:2:0 እጥፍ የቀለም መረጃ የሚይዝ ማለት ነው። በሰከንድ እስከ 200 ሜጋቢት ስለሚጽፍ በሰዓት እስከ 90 ጊጋባይት ይሆናል። ይህን የተጨመቀ ምስል ታይምላይን ላይ ለማጫወት ኮምፒውተሩ በእያንዳንዱ ሰከንድ 50 ፍሬም መፍታት አለበት። ለዚሁ ሥራ ብቻ የተሠራ የሃርድዌር ክፍል ካለው ልፋት የለውም፤ ከሌለው ሸክሙ በሙሉ ፕሮሰሰሩ ላይ ይወድቃል። 4:2:2 የሆነውን ኤች.265 የሚፈታ ክፍል በኢንቴል የዴስክቶፕ ፕሮሰሰሮች ላይ የመጣው ከ11ኛው ትውልድ ጀምሮ ነው፤ በአፕል ከኤም1 ጀምሮ፤ በኤንቪዲያ ደግሞ በ2025 ከወጡት የአርቲኤክስ 50 ካርዶች ጀምሮ። አይማክ ፕሮ ከሦስቱም በፊት ተሠርቷል። ዜኦኑ አብሮት የተሠራ ግራፊክስ ጭራሽ የለውም። ቲ2 የተባለው የአፕል ረዳት ቺፕና ቪጋ ካርዱ ኤች.265ን ይፈታሉ፣ ግን 4:2:0 የሆነውን ብቻ። «8 ኮር አለው፣ ይችለዋል» ብለው አይገምቱ። አንዱን ካሜራ እንደምንም ቢሸከም እንኳ ሁለቱን በመልቲካም ጎን ለጎን ሲከፍቱ ምስሉ ይቆራረጣል፣ ማራገቢያውም መጮህ ይጀምራል።

«ፕሮክሲ (ለመቁረጥ ብቻ የሚያገለግል ቀለል ያለ ቅጂ) እሠራለሁ» ይሉ ይሆናል። ይቻላል፣ ግን ሒሳቡን ይዩት። በሰርጉና በመልሱ ሁለቱ ካሜራዎች በድምሩ 8 ሰዓት ቢቀርጹ ዋናው ፋይል 720 ጊጋባይት ነው። ፕሮሬስ ፕሮክሲ በ1,920 በ1,080 እና በ50 ፍሬም በሰዓት 34 ጊጋባይት ገደማ ስለሚወስድ 270 ጊጋባይት ይጨመራል። የ1 ቴራባይቱ ዲስክ በአንድ ድግስ ሞላ፤ ሲስተሙና ፕሮግራሞቹ ገና አልተቆጠሩም። ፕሮክሲውን ለመሥራትም ያው ፋይል አንድ ጊዜ በፕሮሰሰሩ መፈታት አለበት፣ ይህም ማሽኑን ለሰዓታት ይይዘዋል። በመካከሉ መብራት ከጠፋ ያላለቀው ፋይል እንደገና ከሥር ይጀመራል።

ሌላው የሶፍትዌር ዕድሜው ነው። ይህ ማሽን የሚቀበለው የመጨረሻው ማክኦኤስ በ2024 የወጣው ሴኮያ ነው፤ በ2025 የወጣው ታሆ አይገባበትም። አፕል ለቀደሙት ሁለት እትሞች የደኅንነት ማስተካከያ ማውጣቱን የተለመደ አድርጎታልና ወዲያው ባዶ እጅዎን አይቀሩም፤ ነገር ግን ፕሪሚየርና ሪዞልቭ በየጊዜው የሚጠይቁትን ዝቅተኛ እትም ከፍ ያደርጋሉ። አንድ ቀን የደንበኛ ፕሮጀክት በአዲሱ እትም ተቀምጦ ይመጣልዎታል፣ የእርስዎ ደግሞ አይከፍተውም።

አሁን ወደ ብልሽቱ እንምጣ። የአይማክ ፕሮ ስክሪን በማጣበቂያ ተለጥፎ የተዘጋ ነው። ራም ለመጨመርም ሆነ አቧራ ለማውጣት ማጣበቂያውን ዙሪያውን በስስ መሣሪያ ቆርጦ መስተዋቱን ማንሳት፣ ሲዘጋም አዲስ ማጣበቂያ መለጠፍ ግድ ነው። አራት የራም ማስገቢያ አለው፣ ግን ከኋላ የሚከፈት በር የለውም። ኤስኤስዲው ከቲ2 ቺፑ ጋር በምስጢር ቁልፍ የተሳሰረ ስለሆነ ዋናው ቦርድ ከሞተ ዲስኩን አውጥቶ ሌላ ማሽን ላይ ማንበብ አይቻልም፤ በውጭ ዲስክ ባክአፕ ካልያዙ የደንበኛው ሰርግ አብሮ ይሄዳል። ብዙዎች የማያውቁት ደግሞ ይህ ነው፦ ኮምፒውተሩ ሲሞት ያን ድንቅ ስክሪን በኬብል ከሌላ ኮምፒውተር ጋር አገናኝቶ እንደ ሞኒተር መጠቀም አይቻልም። 5ኬ አይማኮች በሙሉ ይህን አይቀበሉም። ፓነሉን ፈትቶ ለብቻው የተሠራ መንጃ ሰሌዳ የሚገጥም ባለሙያ ካላገኙ በስተቀር የ900 ዶላሩ ዋና ዋጋ የነበረው ክፍል ግድግዳ ላይ የተሰቀለ መስተዋት ይሆናል።

ይህን ሁሉ ብዬም፣ አይማኩ ትክክል የሚሆንበት ሁኔታ አለ። ዋና ሥራዎ ፎቶ ማስተካከልና የኅትመት ዲዛይን ቢሆን፣ ወይም ካሜራዎን ወደ 4:2:0 መልሰው ለመቅረጽ ፈቃደኛ ቢሆኑ፣ በ900 ዶላር እንዲህ ያለ ስክሪን ያለው ማሽን መጥፎ ግዢ አይደለም። ኤ7 4 በኤክስኤቪሲ ኤችኤስ 10 ቢት 4:2:0 ይቀርጻል፤ ለሰርግ ሥራ ልዩነቱ በዓይን የሚያዝ አይደለም። ልዩነቱ የሚታየው አረንጓዴ ጀርባ ለማስታወቂያ ሲቆርጡ ነው።

ሊገዙት ከወሰኑ እህትዎ ገንዘብ ከመክፈላቸው በፊት የሚከተለውን ያድርጉ። ሻጩ ፊት ለፊታቸው ከአይክላውድ አካውንቱ ወጥቶ «ፋይንድ ማይ» የሚለውን ያጥፋ፤ ከዚያ ማሽኑ ሙሉ በሙሉ ተደምስሶ በኢንተርኔት እንደ አዲስ ይከፈት። አክቲቬሽን ሎክ ካለበት የቀድሞውን ባለቤት ይለፍ ቃል ይጠይቃል። የአንድ ድርጅት ንብረት ከነበረና ከድርጅቱ መቆጣጠሪያ ካልተፈታ ደግሞ እዚያው አጀማመሩ ላይ የርቀት አስተዳደር ገጽ ይወጣል። ከሁለቱ አንዱ ከታየ ዋጋው 200 ዶላር ቢሆንም አይግዙ፣ እዚህ የሚፈታው የለም። ቀጥሎ ሲያበሩት የዲ ፊደልን ተጭኖ በመያዝ የአፕልን ምርመራ ያስኬዱ። ስክሪኑን ሙሉ ነጭ፣ ቀጥሎ ሙሉ ግራጫ አድርገው ጠርዞቹ መቅላታቸውን ወይም ማጥቆራቸውን፣ የቀድሞ ምስል ጥላ መቅረቱን ይዩ። ማሽኑ 9.7 ኪሎ ይመዝናል። ራሱ 65 በ51.6 በ20.3 ሴንቲሜትር ስለሆነ የሦስቱ ድምር 137 ገደማ ነው፤ አየር መንገዶች ለሻንጣ ከሚፈቅዱት 158 ሴንቲሜትር ውስጥ ለማሸጊያው የሚተርፈው 21 ብቻ ነው። ያለ ዋናው ካርቶኑና ፎሙ በሻንጣ ክፍል አይላክ።

ወደ መግጠሙ እንሂድ። መጀመሪያ የጓደኛዎን ሒሳብ ላስተካክል። 2,000 ዶላሩ ሞኒተሩን፣ መብራት ሲጠፋ ማሽኑን በባትሪ የሚያቆየውን ዩፒኤስና የሪዞልቭ ስቱዲዮን 295 ዶላር ፈቃድ የያዘ አይመስለኝም። ስቱዲዮው ደግሞ ለእርስዎ ቅንጦት አይደለም፤ በዊንዶውስ ላይ የካሜራዎን 10 ቢት 4:2:2 ፋይል በሃርድዌር ለመፍታት የሚከፈልበት እትም ያስፈልጋል። ፈቃዱ አንድ ጊዜ ይከፈላል፣ ሁለት ማሽን ላይም ይሠራል። በዚያ ላይ ከ2025 መጨረሻ ጀምሮ የራም ዋጋ በዓለም ገበያ ክፉኛ ወጥቷል። ስለዚህ ምርጫዎ በ900 እና በ2,000 መካከል ሳይሆን በ900 እና በ2,500 ገደማ መካከል ነው ብለው ይጀምሩ። ገንዘቡን በአንድ ጊዜ ማውጣት ግን የለብዎትም፤ የመግጠም ትልቁ ጥቅም ይኸው ነው። ዛሬ በያዙት ሞኒተር ይጀምራሉ፣ ራሙን 32 አድርገው ይነሳሉ፣ ሥራ ሲገባ ይጨምራሉ።

ለእርስዎ ሥራ የምመርጠው ፕሮሰሰር ኢንቴል ኮር አልትራ 7 265ኬ ነው። 20 ኮር አለው፣ በአንድ ኮር ሲለካ ከዜኦኑ ከእጥፍ በላይ ይፈጥናል፣ አብሮት ያለው ግራፊክስም የ4:2:2 ኤች.265 ፈቺ ይዟል። ስሙ መጨረሻ ላይ ኤፍ ያለበትን አይግዙ፤ ጥቂት ዶላር ይረክሳል፣ ግን ያ ግራፊክስ ተቆርጦ የወጣ ነው፣ ለቪዲዮ ቆራጭ የማይሆን ቁጠባ። ያገለገለ 13ኛ ወይም 14ኛ ትውልድ ኬ ፕሮሰሰር በርካሽ ቢያገኙም ይጠንቀቁ። በእነዚህ ላይ ከመጠን ያለፈ ቮልቴጅ ቺፑን ቀስ በቀስ የሚጎዳበት ችግር ነበር፤ ኢንቴል በ2024 በባዮስ (የማዘርቦርዱ መነሻ ሶፍትዌር) ማስተካከያ አቆመው፣ ቀድሞ የተጎዳውን ግን ማስተካከያው አያድነውም። ማዘርቦርዱ ቢ860 ቺፕሴት ያለው፣ ቢያንስ ሁለት የኤም.2 (የኤስኤስዲ) ማስገቢያና አራት የራም ማስገቢያ ያለው ይሁን። ራሙን ሁለት ዘንግ ይግዙ፣ አራት አይደለም፤ ዲዲአር5 ላይ አራት ዘንግ ሲሞላ ፍጥነቱ ይወርዳል፣ አንዳንዴም አልነሳም ይላል። ኪስዎ ከቻለ ሁለት ባለ 32፣ ካልቻለ ሁለት ባለ 16።

ካርዱ አርቲኤክስ 5060 ቲአይ ባለ 16 ጊጋባይት። ይህን ቁጥር ሳጥኑ ላይ በዓይንዎ ይዩት። በዚሁ ስም ባለ 8 ጊጋባይትም ይሸጣል፤ በ2025 ሲወጡ ልዩነታቸው 50 ዶላር ብቻ ነበር፣ 379 እና 429። በሪዞልቭ 4ኬ ምስል ላይ የጊዜ ኖይዝ ሪዳክሽን (በደብዛዛ ብርሃን የሚመጣውን ነጠብጣብ የሚያጠፋውን) ሲጨምሩ 8ቱ ሞልቶ «የጂፒዩ ሜሞሪ አልቋል» የሚለው መልእክት ይመጣል፤ የሰርግ አዳራሽ ውስጥ በደብዛዛ ብርሃን ለሚቀርጽ ሰው ደግሞ ኖይዝ ሪዳክሽን የዕለት እንጀራ ነው። ይህ ካርድ ራሱም 4:2:2 ይፈታል፣ ኤች.265ን ብቻ ሳይሆን ኤች.264ንም፣ ስለዚህ በኤክስኤቪሲ ኤስ የቀረጹት የቆየ ፋይልዎም ይቀላል። ፕሮግራሞቹ ግን አዳዲስ እትሞቻቸው መሆን አለባቸው።

ለዲስክ፣ ለሲስተሙ 1 ቴራባይት ኤንቪኤምኢ (ፈጣን ኤስኤስዲ)፣ ለሚሠሩት ፕሮጀክትና ለካሽ ሌላ 2 ቴራባይት ኤንቪኤምኢ፣ ለማስቀመጫ ሁለት ባለ 8 ቴራባይት ሃርድ ዲስክ። ሁለቱ ሃርድ ዲስኮች አንዱ የሌላው ቅጂ ናቸው፤ አንዱን ነቅለው ከስቱዲዮው ውጭ ማስቀመጥ ከቻሉ ይበልጥ ጥሩ ነው። ፓወር ሰፕላይ 750 ዋት፣ 80 ፕላስ ጎልድ ምልክት ያለው። እዚህ ላይ አይቆጥቡ፤ የረከሰ ፓወር ሰፕላይ ሲሞት ብቻውን አይሞትም። ማቀዝቀዣው ሁለት 120 ሚሊሜትር ማራገቢያ ያለው የማማ ዓይነት ይሁን። የዚህ ፕሮሰሰር ሶኬት ኤልጂኤ1851 ነው፤ ለቀድሞው ኤልጂኤ1700 የተሠራ ማሰሪያም ይሆነዋል። ኬዙ ፊቱ ወንፊት የሆነና ተነቅሎ የሚታጠብ የአቧራ ማጣሪያ ያለው ይሁን።

ሲገጥሙ ማዘርቦርዱን ከሳጥኑ አውጥተው ሶኬቱን በስልክ መብራት ይመርምሩ። መርፌዎቹ ያሉት ማዘርቦርዱ ላይ ነው። አንዷ ብትታጠፍ ራም ላይነበብ፣ ማሽኑም ላይነሳ ይችላል፣ ሻጩም ዋስትናውን አይቀበልም። ስለዚህ ሻጩ ፊት ይክፈቱት። ፕሮሰሰሩን ጥጎቹን አስተያይተው ያለ ጫና ያስቀምጡ፣ ማሰሪያውን ሲዘጉ የሚሰማው መጨናነቅ የተለመደ ነው። ቴርማል ፔስት የአተር ፍሬ ያህል መሃል ላይ ይበቃል። የማቀዝቀዣው ሥር ላይ የተለጠፈውን ላስቲክ መንቀል አይርሱ፤ «ፕሮሰሰሩ 100 ዲግሪ ገባ» ብለው ከሚመጡ አዲስ ማሽኖች መካከል ጥቂት የማይባሉት ያን ላስቲክ ተሸክመው ነው። ራሞቹ ከፕሮሰሰሩ ሲቆጠሩ ሁለተኛውና አራተኛው ቀዳዳ ላይ ይገባሉ። ይህን ሁሉ ኬዝ ውስጥ ሳያስገቡ ካርቶኑ ላይ አስቀምጠው አንድ ጊዜ ያብሩት፤ ችግር ካለ እዚያው ይታወቃል።

የመጀመሪያው ማብራት ሰው ያስደነግጣል። ዲዲአር5 ራም በመጀመሪያው ቀን ራሱን ሲያስተካክል ስክሪኑ ለደቂቃዎች ጨልሞ ይቆያል። አያጥፉት፣ ይጠብቁ። ኬዝ ውስጥ ሲያስገቡ የማዘርቦርዱ መቆሚያ ብሎኖች ከቀዳዳዎቹ ጋር መግጠማቸውን ይዩ፤ አንድ ትርፍ መቆሚያ ከሥር ከቀረ ቦርዱን ሾርት ያደርገዋል። ለፕሮሰሰሩ የሚገባው ባለ 8 ኬብልና ለካርዱ የሚገባው ባለ 8 ኬብል መልካቸው ይመሳሰላል እንጂ አንድ አይደሉም፣ ጫፋቸው ላይ የተጻፈውን ያንብቡ። ከሌላ ፓወር ሰፕላይ የተረፈ ኬብልም በጭራሽ አይሰኩ። በፓወር ሰፕላዩ በኩል ያለው ጫፍ ቀዳዳው ቢገጥምም የሽቦው አደራደር ከብራንድ ብራንድ ይለያያል፤ ብዙ ሃርድ ዲስክ የተቃጠለው በዚህ ነው።

ሞኒተሩን ካርዱ ላይ ይሰኩት እንጂ ማዘርቦርዱ ላይ አይደለም። ሆኖም ባዮስ ገብተው የፕሮሰሰሩ ግራፊክስ እንዳይጠፋ ያድርጉ፤ በአብዛኛው «አይጂፒዩ መልቲ ሞኒተር» በሚል ስም ያገኙታል። ይህ ካልተከፈተ ፕሪሚየር የኢንቴሉን ፈቺ አያየውም፣ የከፈሉበት ነገር ዝም ብሎ ይተኛል። እዚያው ባዮሱን ወደ አዲሱ እትም ያድሱ፣ ራሙን በተሸጠበት ሙሉ ፍጥነት የሚያሠራውን ኤክስኤምፒ ያብሩ።

ባዮስ ውስጥ ሳሉ አንድ ለአዲስ አበባ ብቻ የሚሆን ማስተካከያ አለ። ከተማው ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስላለ የአየሩ ግፊት ባሕር ዳር ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ማራገቢያው እኩል ቢዞርም የሚገፋው አየር ስስ ነው፣ የሚሸከመውም ሙቀት ያንሳል። በውጭ አገር የተለካ የማቀዝቀዣ ውጤት እዚህ በዚያው ልክ አይመጣም። 265ኬ ሲፈቀድለት እስከ 250 ዋት ይስባል፤ የኃይል ገደቡን 150 ዋት ላይ ያድርጉት። ኤክስፖርት በጥቂቱ ይዘገያል፣ ሙቀቱና ድምፁ ግን በግልጽ ይወርዳል፣ ዩፒኤሱም ይቀልለታል። ተዘግቶ የተሠራው አይማክ ላይ እንዲህ ያለ መላ የለም፤ በስስ አየርና በአቧራ ማራገቢያውን ከማስጮህ ሌላ የሚያደርጉት የለም።

ገጥመው ሲጨርሱ ወዲያው የደንበኛ ሥራ አይጫኑበት። መጀመሪያ ሜምቴስት86ን በፍላሽ አስነስተው ሌሊቱን ያሳድሩት፤ አንዲት ስህተት እንኳ ካሳየ ራሙ ይመለስ። ቀጥሎ የቆየ ፕሮጀክት ከፍተው አንድ ሰዓት የሚፈጅ ኤክስፖርት እያስኬዱ ሙቀቱን ይከታተሉ። ከ90 ዲግሪ በታች ከቆየ ጥሩ ነው።

ስለ መብራት። በገደብነው መጠን ፕሮሰሰሩ 150፣ ካርዱ 180፣ የቀረው 50 ዋት ይስባል፤ የፓወር ሰፕላዩ ብክነትና ሞኒተሩ ሲጨመሩ 460 ዋት ገደማ ነው። ዩፒኤስ ሲገዙ በትልቁ የተጻፈውን የቪኤ ቁጥር ሳይሆን የዋቱን ቁጥር ይዩ፤ 1,000 ቪኤ የሚል ርካሽ ዩፒኤስ ብዙ ጊዜ 600 ዋት ብቻ ነው፣ 460 ዋት ተጭኖበት የሚያቆይዎ ደቂቃም ጥቂት ነው። ባለ 1,500 ቪኤ፣ 900 ዋት፣ ቮልቴጅ የሚያስተካክል ይሁን። ከተቻለ ፒዩር ሳይን ዌቭ የሚል ይፈልጉ። ዘመናዊ ፓወር ሰፕላዮች የርካሽ ዩፒኤስን የተሰባበረ ሞገድ ሲያገኙ አንዳንዴ መብራቱ በጠፋበት ቅጽበት አብረው ይጠፋሉ፣ ዩፒኤሱም እንዳልነበረ ይሆናል። የቤቱን ኧርዝም በኤሌክትሪክ ባለሙያ ያስፈትሹ። የኬዙ ብረት እጅዎን ንዝር የሚያደርግዎ ከሆነ ኧርዙ አልተገናኘም ማለት ነው፤ በኤችዲኤምአይ የተያያዙ ዕቃዎችም ሲነቀሉና ሲሰኩ የሚሞቱት በዚህ ነው።

ሞኒተሩን በተመለከተ የአይማኩን 5ኬ የሚስተካከል ነገር በዚህ በጀት አያገኙም፣ ይህን ልደብቅዎ አልችልም። ባለ 27 ኢንች 4ኬ ሞኒተር በኢንች 163 ፒክስል ነው፣ የአይማኩ 218። ለጽሑፍና ለፎቶ ልዩነቱ ይታያል። ለቪዲዮ ግን የሚያስፈልገው እውነተኛ ቀለም ነው፤ እንደ አሱስ ፕሮአርት ፒኤ279ሲአርቪ ያለው ፒ3 የተባለውን ሰፊ የቀለም ክልል 99 በመቶ ይሸፍናል። ሥራዎ የሚታየው በቴሌቪዥንና በዩቲዩብ ስለሆነ ሞኒተሩን ሬክ.709 (የቴሌቪዥን የቀለም ደረጃ) ላይ አድርገው፣ ብርሃኑን ወደ 100 ኒት (የስክሪን ብርሃን መለኪያ) ዝቅ አድርገው፣ በክፍሉ የፀሐይ ብርሃን ሳያስገቡ ይሥሩ። በ400 ኒት የተስተካከለ ሰርግ ሙሽሮቹ ቤት ሲታይ ይጨልማል።

አንድ ያልጠየቁኝን ልጨምር። ማክ የሚፈልጉት ስለለመዱት ወይም ወደ አፕል የቪዲዮ መቁረጫ ፋይናል ከት ለመሄድ ስላሰቡ ከሆነ የ2017ቱን ሳይሆን ኤም4 ፕሮ ማክ ሚኒን ይዩ። በ2024 መጨረሻ ሲወጣ 24 ጊጋባይት ራምና 512 ጊጋባይት ዲስክ ያለው 1,399 ዶላር ነበር። የእርስዎን ኤች.265 4:2:2 በሃርድዌር ይፈታል፣ ሲጨነቅ እንኳ ከ140 ዋት አያልፍም፣ ስለዚህ ትንሽ ዩፒኤስ ረጅም ያቆየዋል። ራሙ አይጨመርም፣ ቦርዱ ከሞተም እዚህ የሚጠግነው ማግኘት ከባድ ነው። ግን ሞኒተሩ የብቻው ነው፣ ሲያረጅ የሚቀየረው ሣጥኑ ብቻ ነው። ራም እንዲህ በተወደደበት ጊዜ፣ ማሽን መክፈት ለማይፈልግ ሰው፣ ከመግጠም ጋር በእኩል የሚቆም ምርጫ ነው። እርስዎን ግጠሙ ያልኩት ግራፊክስ ካርዱ ለኖይዝ ሪዳክሽን ስለሚያስፈልግዎና ዊንዶውስ ማሽን የሚጠግን ባለሙያ በቅርብዎ ስለሚገኝ ነው።

ከመረጡ በኋላ ግዢውን ለሁለት ይከፋፍሉት። ፕሮሰሰሩን፣ ራሙን፣ ሁለቱን ኤስኤስዲና ካርዱን እህትዎ ከአሜሪካ ቢገዙልዎ ይሻላል። ሁሉም ትንንሽ ናቸው፣ በእጅ ሻንጣ ይመጣሉ፣ በቮልቴጅም አይገደዱም። ቀረጡን ግን ከመነሳታቸው በፊት ጉምሩክ ጠይቀው ይወቁ፣ ደረሰኞቹም አብረው ይምጡ። ማዘርቦርዱን፣ ኬዙን፣ ሃርድ ዲስኮቹንና ሞኒተሩን እዚሁ ይግዙ፤ ብልሽት የሚበዛባቸው ወይም ጉዞ የማይወዱ ናቸውና ዋስትናቸው ቅርብ ቢሆን ይመረጣል። ፓወር ሰፕላይ ከአሜሪካ ካመጡ መለያው ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ይኑረው። ከኋላው ቀይ ማብሪያ ያለው ከሆነ 115 ላይ እንዳለ እዚህ ሶኬት ላይ ከሰኩት በዚያው ቅጽበት ይፈነዳል፤ መጀመሪያ ወደ 230 ያዙሩት። ዩፒኤስ ግን ከአሜሪካ በፍጹም አያስመጡ። የእነሱ 120 ቮልት ነው፣ የእኛ 220።